በራዲዮ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሚስት ለማግባት ከሁሉ በፊት ብርቱ ክንድ ያስፈልጋል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። መልክ የምትሉ አላችሁ፣ ዘር የምትሉ አላችሁ፣ ጥማድ በሬ የምትሉም አትጠፉም። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሌላው ሰው ሙሽራ ሲሆን ካባ ይደረብለታል፣ ሚዜ ያጅበዋል። እኔ ሚስቴን ያገኘሁት ዋሻ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ፣ ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ የብረት እጀታ ስዘውር ውዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ሶላቶው ሸዋ ሮቢት ላይ ድንኳኑን ተክሏል፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ተራራውን እየበሳ መንገድ ያበጃል። አንድ ቀን እዚያው ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ አንድ ካሚዮን ፍሬኑ እምቢ አለውና ገደል ገባ። የአካባቢው ሰው እየተንደረደረ ወርዶ የጫነውን መኮረኒ ሲሻማ፣ ሁለት አረንጓዴ ሣጥኖችን ግን ማንም አልነካቸውም። ፈንጂ ናቸው ተባለ። አንዱ ደፋር በድንጋይ ሊሞክራቸው ሲል ጋሼ ኪዳኔ እየጮኹ ደረሱ።

ጋሼ ኪዳኔ ከመረብ ማዶ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ሆነው የመጡ፣ ራዲዮም እዚያው የለመዱ፣ ኋላ ከድተው ወደ እኛ የገቡ ሰው ናቸው። ሣጥኑን ከፍተው አዩና ልጁ የተወለደለት አባት ፊት አሳዩን። "ራዲዮ ነው፤ ያውም ሁለት" አሉ። አንዱን ለራሳችን አስቀርተን ሁለተኛውን በግመል ጭነን፣ ማሽላ አልብሰን፣ ማጀቴ ላሉት ወገኖቻችን ላክን። እኛ የቀወት ሰዎች ራዲዮ ያለን ሰዎች የሆንነው እንዲህ ነው።

ደመወዝ የሚከፍለን፣ ሹመት የሚሰጠን አልነበረም። ሁሉም በፈቃዱ የመጣ ነው፤ እንደ ጽዋ ማኅበር ተሰባስበን፣ ተራ ገብተን ነበር የምንሠራው። ጋሼ ኪዳኔ ቁልፎቹን ይነካሉ። አጎቴ ባሻ ወልዴ በእድሜም በድምፅም ስለሚበልጡን ተናጋሪ ሆኑ። እትዬ ዘነቡ ቆሎና ቂጣ ያቀርባሉ፤ እኛ ስንበላ ደግሞ ስለ ራዲዮ አሠራር ይመክሩናል። ለእኔ የቀረልኝ እጀታው ነበር። ራዲዮው ከጎኑ እጀታ ያለው ሣጥን አለው፤ እጀታው ካልተዘወረ ስትናገር የሚሰማህ የለም፣ ስታዳምጥም የምትሰማው የለም። ዘወር ዘወር ሲደረግ ማጀቴ ትመጣለች፣ እጅህን ስታሳርፍ ማጀቴ ትሄዳለች።

ሥራችን እንደ ወሬ ቀላል ነበር። ካሚዮን በሮቢት አድርጎ ወደ ደሴ ሲያልፍ ለማጀቴ እንነግራለን፣ ማጀቴዎች በአካባቢያቸው ላሉት አርበኞች ይነግራሉ፣ የቀረውን አርበኞቹ ያውቁበታል። ጋሼ ኪዳኔ የመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሰብስበው፣ "አጭር ተናገሩ። ጣሊያን ጆሮ አለው" አሉን።

ባሻ ወልዴ ተቀየሙ። "ሰላምታ ሳይሰጣጡ ወሬ መጀመርማ የባለጌ ነው" አሉና አፋቸውን ወደ ራዲዮው አስጠጉ። "እንደምን አደራችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንደምን አደራችሁ?"

"ይመስገን። ቤተሰቡስ? ከብቱስ? ያቺ የታመመችው ላም?"

"ተሽሏታል። የእናንተ ዝናብስ?"

እኔ እዘውራለሁ። ላሚቱን ጨርሰው ወደ በቅሎዋ ሄዱ፣ በቅሎዋን ጨርሰው የአንድ የማላውቀው ሰው የእግር ቁስል ላይ ደረሱ፣ ቁስሉ ሲድን ከሁለቱም ወገን ምስጋና ቀረበ። በስተመጨረሻ ባሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ የተጣራንበት ጉዳይ" ሲሉ ማጀቴዎች አቋረጧቸው። "አንዴ ይቆዩን ባሻ፤ አንድ ካሚዮን በደጃችን እያለፈ ነው" አሏቸው። ልንነግራቸው የነበረው እሱኑ ካሚዮን ነበር።

ጋሼ ኪዳኔ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን እንዲያሳጥሩ ቢለመኑ ባሻ በቅሎዋን ብቻ ተዉ፤ እሷም በማግስቱ "ትናንት ስለ በቅሎዬ ማንም አልጠየቀኝም" የሚል ቅሬታ ከማጀቴ መጣና ተመለሰች።

የሽቦው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ራዲዮ ድምፁን ከሰማይ የሚለቅምበት ረጅም ሽቦ ይፈልጋል። መጀመሪያ ወፍ የሚጠበቅበት የማሽላ ማማ ላይ ሰቀልነው። እትዬ ዘነቡ ጥሩ የልብስ ማስጫ ገመድ ያገኙ መስሏቸው የባላቸውን ሱሪ አጥበው አሰጡበት፤ ሱሪው እስኪደርቅ ማጀቴ "ድምፃችሁ ሰመጠ" ስትለን ዋለች። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ባዶ ማሳ ላይ ማማ ብቻውን ቆሞ ሲቀር አውሮፕላን ይዞረው ጀመር። ወፍ የለ፣ ማሽላ የለ፣ ምን ይጠብቃሉ ሳይል አይቀርም።

መላ ያመጡት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ከአርጎባ ወገን የሆኑ፣ ቆላውን ከአፋር ገበያ ጋር በጨው የሚያገናኙ ነጋዴ ናቸው። "ግመል የምታህል ማማ ምን አላችሁ?" አሉ። "አውሮፕላን ግመል አይቶ አይገረምም። ሽቦውን ጭነቷ ላይ በዘንግ አቁሙት፤ እሷ እንደሆነች ኢንሻአላህ ቀኑን ሙሉ ቆማ ታመሰኳለች።" ራዲዮውን ከማሳው በላይ ወዳለ ዋሻ አስገባንና እንዳሉትም ሆነ። ግመሊቱ የዋሻው አፍ ላይ ትቆማለች፣ ሽቦው ከጀርባዋ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ዋሻው ይገባል። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሁላችንንም ቁልቁል ስለምታየን "ወይዘሮ" አልናት። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ሲላት ትንበረከካለች። ወይዘሮ ስትቀመጥ ማጀቴ ትጠፋለች።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ከጦርነቱ በፊት ማጀቴ ገበያ ወርጄ አንዲት ልጅ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ስትከራከር አየሁ። ትርንጎ ትባላለች። ክርክሩን አሸንፋ ስትሄድ እኔ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚያው ነጋዴ ጭነት በርበሬ ገዝቼ ተሸክሜ ገባሁ። እናቴ "ልጄ፣ በርበሬ እኮ አለን" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ እሷ ነበረች፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም፤ የበርበሬውን ነገር ለባሻ ወልዴ ያጫወተችው እናቴ ናት።

የትርንጎ አባት ባላምባራስ ቸርነት ናቸው። የማጀቴው ራዲዮ የተቀመጠው በእሳቸው ጎተራ ውስጥ ነው። ጣሊያኖቹ እቤታቸው እየመጡ ጠጅ ስለሚጠጡ ማንም አይጠረጥራቸውም። በአንድ እጃቸው ለጣሊያን ይቀዳሉ፣ በሌላው ለእኛ ይናገራሉ። ስለ እሳቸው ክፉ መናገር አማቴን ማማት ስለሚሆንብኝ፣ በሁለት ቢላዋ የሚበሉ ነበሩ ብዬ ብቻ ልለፈው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ባሻ ከላሚቱ ወደ በቅሎዋ እየተሻገሩ ሳለ ባላምባራስ፣ "እሑድ እንግዳ አለብኝ" አሉ። እንግዳው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ ነውር ነውና ባሻ ጠየቁ። "ያ ሮቢት ከጣሊያን ጋር የሚሠራው አስተርጓሚ ሽማግሌዎች እየላከብኝ ነው። በካሚዮን ነው የሚመጡ። ለትርንጎ..." ሲሉ ድምፃቸው ጠፋ።

ጋሼ ኪዳኔ ዞር ብለው አዩኝ። እጄ እጀታው ላይ ቆሟል፣ አፌ ተከፍቷል። "ዘውር እንጂ" አሉኝ። አልቻልኩም። ባሻ ወልዴ ፊቴን አይተው ነገሩን ሁሉ አነበቡት። "የበርበሬዋ ልጅ ናት?" አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። "አዬ! የጣሊያን ነገር ሳያልቅ ይሄ ተጨመረ እኮ" አሉ እትዬ ዘነቡ።

ማጀቴ በእግር እንዳይኬድ መንገዱ በኬላ ተዘግቷል፤ የባሻ ራስ ደግሞ በጣሊያን የሚፈለግ ራስ ነው። እሑድ ደርሶ ያ አስተርጓሚ ቃል ከተቀበለ የእኔ ነገር አለቀ። እውነቱን ለመናገር ማልቀስ አማረኝ። ባሻ ግን ጥምጣማቸውን አስተካከሉና፣ "ላም በራዲዮ የጠየቅን ልጅ በራዲዮ መጠየቅ ያቅተናል?" አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ ተሰየመ። ባሻ ወልዴ፣ ጋሽ ሰይድ፣ ሦስተኛው የእትዬ ዘነቡ ባል፤ ያ የሱሪው ባለቤት። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ወደ ዋሻው ገቡና ራዲዮው ፊት ቆሙ።

"ምነው አትቀመጡም?" አሏቸው ጋሼ ኪዳኔ።

ሦስቱም እንደ እብድ አዩዋቸው። በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ አይቀመጥም። "ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም" ይላል። የልጅቷ አባት "በሉ ሞልቶላችኋል፣ ተቀመጡ" ያለ ዕለት ልጅቷ ተሰጥታለች ማለት ነው፤ እስከዚያ እግር ይሰበር እንጂ ጉልበት አይታጠፍም። ጋሼ ኪዳኔ፣ "ባላምባራስ እኮ አያዩአችሁም" ቢሉ ባሻ፣ "እግዚአብሔር ያያል" ብለው ዘጉዋቸው። የዋሻው ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሦስቱም ቆሙ የሚባለው ጎንበስ ብለው ነው። ጋሽ ሰይድ ወገባቸውን ይዘው፣ "ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል እሰማ ነበር። ግመሊቱ የገዛ ራሴ፤ እኔን ምን አስጎነበሰኝ?" አሉ።

እትዬ ዘነቡ የወይዘሮን ገመድ ይዘው ደጅ ቀሩ። እኔ እጀታዬን ጨበጥኩ። የገዛ ሽምግልናዬን በገዛ ክንዴ ጀመርኩት።

ማጀቴ መጣች። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የማጀቴው ዘዋሪ ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር፣ ግን ክንዱን ሁላችንም እናደንቀው ነበር። የእኛ ድምፅ እኔ ሲደክመኝ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የእነሱ ድምፅ ለአፍታ አይናወጥም። ጋሼ ኪዳኔ፣ "አንተ ከዚያ የማጀቴ ጎበዝ ብትማር ምናለ" እያሉ ያንገበግቡኝ ነበር። ሳላየው ቀንቼበታለሁ።

ሰላምታው ሄደ። ላሚቱ፣ በቅሎዋ፣ ቁስሉ፣ ዝናቡ። ከዚያ ባሻ ድምፃቸውን አክብደው፣ "ባላምባራስ፣ ዛሬ እደጅዎ የቆምነው በእግዚአብሔር ስም ልንለምንዎ ነው። ቆመናል" አሉ።

ከዚያ የባላምባራስ ድምፅ መጣ፤ ለካስ ገብቷቸዋል። "ኧረ ተቀመጡ በእመቤቴ፤ ቆማችሁማ አትናገሩም።"

"ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም።"

"የመጣችሁበት ምንድን ነው?"

ባሻ ተናገሩ። ምን ዓይነት አነጋገር ነበር መሰላችሁ፤ እኔን ሲገልጹኝ ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ ልቤ በቅናት ደማ። አራሽ ነው፣ ተኳሽ ነው፣ ክንዱ ብረት ነው አሉ። ክንዴ በዚያች ደቂቃ እንደ ገመድ ዝሎ ነበር።

"እንግዲህ ባሻ" አሉ ባላምባራስ፣ "ቃላችሁን ሰምቻለሁ። ልጅቱን በሚመለከት የኔ ሐሳብ..." ድምፃቸው ሰለለ፣ ሰለለ፣ ጠፋ።

"ግመሏ!" አልኩ እኔ። "ወይዘሮ ተቀመጠች!"

"ቆማለች!" አሉ እትዬ ዘነቡ ከውጭ።

ማጀቴ ተመለሰች። "ሰማችሁኝ?" አሉ ባላምባራስ። አልሰማንም፣ ይድገሙልን ተባለ። "እንደምታውቁት ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር" ብለው ጀመሩ፤ ስለ ዝናቡ የተናገሩት አንድ ቃል ሳይጎድል ደረሰን። በሬ መግዛታቸውን ነገሩን፣ የበሬውን ቀንድ ሳይቀር ሰማን። "እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ያ የሮቢቱ ልጅ አስቀድሞ ሰው ልኮብኛል። ጣሊያን ደጄ ላይ ነው። ስለዚህ ለእናንተ የምመልሰው..." አሁንም ድርግም።

ብልጭ አለብኝ። እጀታውን እየዘወርኩ፣ ወይዘሮን ከእናቷ ጀምሬ ሰደብኳት። ነገ አፋር ገበያ አውጥቼ ለሥጋ ባልሸጥሽ አልኩ። ጋሽ ሰይድ እንደ ጎነበሱ ወደ እኔ ዞሩ። "የኔ ግመል ቆማለች። ወላሂ ቆማለች። ደህና ግመል አታዋርድ" አሉ። "ቆማ ከሆነማ የማጀቴው ጎበዝ ደክሞታል ልትሉን ነው?" አልኩ። ይሄንንማ ማንም አላመነም፤ ያ ክንድ ደክሞት አያውቅም። ስለዚህ ፍርዱ በወይዘሮ ላይ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም፤ ሽምግልናዬን ግን ጎንብሰው ቀጠሉልኝ።

ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ነገራችን እንደ ግመል ሽንት ወደ ኋላ ይሄዳል። ባላምባራስ "በአንድ ቃል ልመልስላችሁ" ባሉ ቁጥር ጨለማ፣ ስለ በሬያቸው ባወሩ ቁጥር ብርሃን። የሱሪው ባለቤት በሕይወቱ ያልተናገረ ሰው፣ "ወገቤ" አለ። እኔ ክንዴን ቀየርኩ፣ ከዚያ መልሼ ቀየርኩ፣ ሦስተኛ ክንድ ብፈልግ አጣሁ።

በዚህ መሐል ነው ሦስተኛ ድምፅ ራዲዮው ውስጥ የገባው። ወጣት ድምፅ ነው፣ በቁጣ ይንቀጠቀጣል።

"ልጅቷ በእኔ ተጠይቃለች! እናንተ ሽፍቶች፣ በሰው እጮኛ አትግቡ!"

አስተርጓሚው ነበር። ለካስ ሮቢት ላይ የጣሊያን ራዲዮ ጆሮው ላይ አድርጎ እኛን የሚያዳምጠው እሱ ኖሯል። ኋላ እንደሰማነው ያን ያህል ጊዜ ሲያዳምጠን ለካፒቴኑ የሚያቀርበው ወሬ አጥቶ ነበር። ካፒቴኑ "ምን አሉ?" ሲለው "ላሚቱ ተሽሏታል" ይለዋል። ጣሊያኑ ላሚቱ መድፍ ናት ብሎ ደምድሞ ተሽሏታል የተባለ ዕለት ጥበቃ ያጠናክር ነበር። ልጁ ሁሉን ችሎ ኖሮ ትርንጎ ለሌላ ስትጠየቅ ሲሰማ አልቻለም፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ጋሼ ኪዳኔ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "አለቀልን፤ ተገኝተናል፤ ንቀሉ" ማለት ጀመሩ። ባሻ ግን ፊታቸው በራ። "ይሄ ድምፅ የዚያች የሮቢቷ ማንያህልሻል ልጅ አይደለም እንዴ? አንተ፣ እንደምን ዋልክ?"

አሁን እናንተ በእሱ ቦታ ሁኑ። ጠላት ነው፣ ራዲዮ ነው፣ ካፒቴን ከኋላ ቆሟል፤ ግን የአባቱ እኩያ ሽማግሌ እንደምን ዋልክ ብሎታል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ በመጨረሻ። "እርስዎስ እንደምን ዋሉ?"

"ይመስገን። እናትህ ደህና ናት? ጉልበቷንስ ተሻላት?"

"ትንሽ ሻል ብሏታል።"

"ቅቤ አሙቀህ እሻት። በል አሁን ልጄ፣ ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር አይገባም። እናትህ እንዲህ አላሳደገችህም።"

ከኋላው አንድ ወፍራም ድምፅ "ኬ ዲቼ? ኬ ዲቼ?" እያለ ይጮኻል፤ ምን ይላል ማለቱ ነው። ልጁ ምን ብሎ እንደተረጎመለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ማጀቴ ተመለሰች፤ እንደ ወትሮው ጥርት ብላ። የባላምባራስ ድምፅ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። "ባሻ፣ ሰምተዋል? ያ ልጅ ድምፄን ለይቶታል። እኔ በራዲዮ ከእናንተ ጋር እንደምነጋገር አወቀ። ልጄን ብሰጠው ዕድሜ ልኬን በዚህ ሲያስፈራራኝ ሊኖር ነው፤ ብከለክለው ነገ ለካፒቴኑ ይነግርብኛል።" ትንፋሻቸው ይሰማል። "ከዛሬ ወዲያ ቤቴ ጫካ ነው። ጠጁንም ይጠጡት። ዛሬውኑ ቤተሰቤን ይዤ ወደ እናንተ እወጣለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ሞልቶላችኋል። ተቀመጡ።"

ከዋሻው በታች የካሚዮን አቧራ ይታይ ነበር። እትዬ ዘነቡ "እየመጡ ነው" እያሉ ይጣራሉ፣ ጋሼ ኪዳኔ ሽቦ ይነቅላሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግን ቀስ ብለው፣ በሥርዓት፣ ጉልበታቸው ቀጭ ቀጭ እያለ ተቀመጡ። የሱሪው ባለቤት በደስታ አለቀሰ፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ወገቡ አላውቅም። እኔ ግን ስለ ራሴ አለቀስኩ፤ እየዘወርኩ።

"ጋሼ ኪዳኔ፣ ያቺን ሽቦ አንዴ መልሷት" አሉ ባሻ፤ "ሳይመረቅ አይኬድም።"

"ባሻ፣ ጣሊያን እኮ እግራችን ስር ደርሷል!"

"አጭር አደርገዋለሁ።"

አጭር አላደረጉትም። ውለዱ ክበዱ አሉ፣ ቤቱ ይሙቃችሁ አሉ፣ ጋሽ ሰይድ በአላህ ስም ዱዓ ጨመሩበት። እኛ በዋሻው "አሜን" አልን። ማጀቴ "አሜን" አለች። ቀጥሎም ከሮቢት፣ ከጣሊያን ድንኳን ውስጥ፣ ቀስ ያለ ሦስተኛ "አሜን" ተሰማ። ልጁ ለምዶበት ነው፤ ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል የማንያህልሻል ልጅ አይደለም። ያን ቀን ይቅር አልኩት።

ስንሮጥ የሆነውን አትጠይቁኝ። ራዲዮውን ወይዘሮ ላይ ስንጭን ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ግመል ያን ጊዜ ተንበረከከች፣ አልነሳም አለች። ጋሽ ሰይድ ጆሮዋ ላይ ምን እንዳንሾካሾኩ ባላውቅም አንዴ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ተነሳች። ሶላቶዎቹ ዋሻው ሲደርሱ ያገኙት የእትዬ ዘነቡን ቆሎ ብቻ ነው። በልተውት ሄዱ ይባላል።

ባላምባራስ ቤተሰባቸውን ይዘው በገደል በገደል አድርገው ደረሱ። ሰርጋችን ከይፋት ቆላ በላይ በአንድ ግራር ሥር ሆነ። ጮማም ጠጅም አልነበረም፤ ማሽላ ግን ነበር፤ እልልታውንም አውሮፕላን እንዳይሰማ ቀስ ብለው ነበር ያሉት።

በሠርጉ ማግስት ትርንጎ ቀኝ ክንዷን ስታሽ አየኋት። ምን ሆነሽ ብዬ ጠየቅኳት።

"የራዲዮው ነው። ሳልዘውር ብዙ ቀን ሆነኝ፣ አሁንም ያመኛል" አለችኝ። "የእናንተ ዘዋሪ ግን ማን ነበር? ምነው እንዲህ ደካማ? ድምፃችሁ ከፍ ዝቅ ሲል እኮ ራሴን ያዞረኝ ነበር።"

ለካስ የማጀቴው ጎበዝ አጠገቤ ተቀምጦ ክንዱን ያሻል። ወፍጮ የለመደ ክንድ፣ አባትየው ሌላ ሰው ስለማያምኑ ከጎተራው በር ጀርባ ያስቀመጡት ክንድ።

"ታዲያ ያን ቀን ምነው ደጋግሞ ጠፋባችሁ?" አልኳት።

አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳቀች። "አባቴ 'እንግዲህ' ብሎ ሲጀምር የሚቀጥለውን አውቀው ነበር። እምቢ ሊላችሁ አፉን ሲከፍት እጄን አሳርፋለሁ። 'ዘውሪ እንጂ' ሲለኝ 'ክንዴ ዛለ አባዬ' እለዋለሁ። ስለ በሬው ሲያወራ ደግሞ እዘውርለታለሁ፤ እሱስ ምን ይጎዳል?"

"እኔን ታውቂኝ ነበር?"

"ያ የማይፈልገውን በርበሬ ተሸክሞ የሄደው ሰው አይደለህም?"

ልነግራችሁ የማልችለው ደስታ ተሰማኝ፤ ወዲያው ግን ወይዘሮ ትዝ አለችኝ። ከእናቷ ጀምሬ የሰደብኳት፣ ለሥጋ እሸጥሻለሁ ያልኳት ግመል ለካስ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሰርጌ ላይ እንኳ የበሉት ፊታቸውን አዙረው ነው። ባሻ ወልዴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አጫወትኳቸው። ሳቃቸው ሲያልቅ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ የሱሪውን ባለቤት ጠሩ፣ ጋሼ ኪዳኔንም ሦስተኛ አድርገው ጨመሩ።

ጋሽ ሰይድ ወይዘሮን ውሃ ሲያጠጡ ደረስን። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆሙ። ባሻ በዳዩን ይዘን መጥተናል፣ በድሏል፣ ይቅር በሉት አሉ።

ጋሽ ሰይድ ሊስቁ ሲሉ ዋጥ አደረጉት። "እኔ የተበደልኩት ጥቂት ነው። ዋናዋ ተበዳይ እዚያ ቆማለች። እሷን ጠይቁ" አሉ።

ባሻ ወልዴ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ወደ ወይዘሮ ዞሩ። "እመቤቴ፣ ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም" አሏት።

ወይዘሮ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሁላችንንም ቁልቁል አየችን። እያመሰኳች ብዙ አሰበች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። በመጨረሻ የፊት ጉልበቷን አጠፈች፣ የኋላውን አስከተለች፣ እፍ ብላ ተቀመጠች።

"ሞልቶልናል" አሉ ባሻ ወልዴ፤ እኛም ተቀመጥን።